ከእስቴ የመጣው ቁልፍ

ንፋስ መውጫ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥበቡ፣

የሎጊያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ ደጁ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። እኔ ደህና ነኝ። ሚስትህ ፍቅርም የኦፕራሲዮኑ ቁስል እየደረቀላት ነው። ልጅህ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ስትነቃ ግንባሯን ቋጥራ ሰው ታያለች፤ በዚህስ አንተኑ ነው የወጣችው።

ስልክ ብደውል አታነሣም። ለሚስትህ ግን በቴሌግራም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለህ ከነአበባው ልከህላታል፤ አሳይታኛለች። ስልክህ ይሠራል ማለት ነው። የማታነሣው የእኔን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነም አንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ይህን ወረቀት በማንም አላጻፍኩትም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለመድኳት ጽሕፈት ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ። የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጁነይዲ ነው፤ ጨው ሊጭን ወደዚያ ይወርዳል። በእጁ ይስጥህ፣ ለሌላ ሰው እንዳይተወው አደራ ብየዋለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ የሰማኸው ከአንድ ወገን ይሆናል።

ከእስቴ የመንገዱን ሥራ ጨርሰህ ወደ ሎጊያ ስትሄድ ያቺን አሮጌ ያሪስ መኪናህን ከነቁልፏ አስረክበኸኝ «እማዬ፣ ለፍቅር ለክፉ ቀን ትሁናት፣ ቤንዚኗም ሙሉ ነው» አልከኝ። ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። እናቴም የሣጥኗን ቁልፍ የምትይዘው እንዲያ ነበር። ጎረቤታችን አመለወርቅ ስታርፍ ወገን አልነበራትምና ለግንዘት የቀረበው አቡጀዲ አነሰ። የለበስኩትን ነጠላ አውልቄ ሰጠሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ ሴቶቹም እያለቀሱ ተቀበሉኝ፤ ጫፉን የፈተሸ ሰው የለም። ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። እጄ እንደ ልማዱ ቋጠሮውን ሊፈልግ ሄደ፤ ነጠላው የለም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ነርሷ ፍቅርን መርምራ «ልጁ ተጋድሟል። ምጥ ሲጀምርሽ እዚህ አትቆዪ፣ በቀጥታ ደብረ ታቦር። ከዘገየሽ...» ብላ ቀሪውን ሳትናገረው ትታዋለች። ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሚኒባሶቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ነው የሚያድሩት። አምቡላንሷ አንድ ናት፤ ገጠር ለገጠር ስትጠራ ትውላለች። የፍቅር ነፍስ በዚያች መኪና ላይ ነበረች፤ የመኪናዋ ቁልፍ ደግሞ ከአመለወርቅ ጋር አፈር ለብሷል።

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ መቃብር ይከፈታል?» አልኳቸው።

«ምን አስቀምጠሽ?»

«የመኪና ቁልፍ።»

መስቀላቸውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ። «የሻረግ፣ ፍትሐት ደርሶላት ያረፈችን ሴት ለብረት ብለን ልናነሣት ነው? ሂጂ፣ ቁልፍ ቀራጭ ፈልጊ» አሉኝ።

ገበያው ዳር የጓጉንቸር ቁልፍ የሚቀርጸውን ኢምራንን አመጣሁ። የዋህ ልጅ ነው። የበሩን መቆለፊያ ነቅሎ እያየ፣ እየሞረደ፣ መልሶ እየሞከረ ዋለና በሩን ከፈተው። እልል ልል ነበር። ሞተሩን ሲያስነሣው ግን አንዴ አጉረመረመና ጠፋ። ደግሞ አስነሣው፤ ደግሞ ጠፋ።

«እናቴ፣ ብረቱን አግኝቼዋለሁ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ግን የዚህ መኪና ቁልፍ ራሱ ላይ ቺፕ አለው። ሞተሩ ያንን ካላወቀ አይነሣም። አዲስ ለማስለመድ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ከባሕር ዳር መምጣት አለበት። እሱም መቼ እንደሚመጣ እንጃ። ይልቅ ልጅዎን ይጠይቁት፣ ሁለተኛ ቁልፍ አይጠፋም።»

ደወልኩልህ። ያን ቀን አንሥተሃል። ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው ብዬ ጠየቅኩህ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ። ከዚያ «እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፣ እሸቱ የሚባል ጓደኛዬ ዘንድ። ነገ በአውቶቡስ ይልክልሻል» አልከኝ። ሁለት ዓመት የኖርክበት አገር ነውና አመንኩህ።

በማግሥቱ ፍቅርን ምጡ ጠዋት ያዛት። አምቡላንሷን ብንጠይቅ ወደ ስማዳ መንገድ ወጥታለች፣ እስክትመለስ ጠብቁ ተባልን። ጎረቤት ሴቶች አጠገቧ ትቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ዘገየ። ቆሜ የማላውቀውን እሸቱን መልኩን እስላለሁ፤ ጠይም ይሆን ቀይ እያልኩ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ወደ እኔ መጣች።

«የጥበቡ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። እሸቱ የት አለ?»

«እሸቱ የሚባል ሰው አላውቅም። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። ሰርካለም እባላለሁ።» ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ቆመዋል እንዴ? እናቴ በጠና ታማለች፣ የሚነዳላት የለም ብሎኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

እኔን በጠና አሳመምከኝ ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ።

እጇን ይዤ እየጎተትኩ ቤት አደረስኳት። ፍቅር መሬት ላይ ተንበርክካ የአልጋውን እግር ጨብጣለች። ሰርካለም ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ማናት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የልጄ ሚስት ናት።»

መቃኑን ያዘች። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። አሁን ዞራ ትሄዳለች፣ ቁልፉንም ይዛው ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ቁልፉን ልነጥቃት ሁሉ አሰብኩ። እሷ ግን «መኪናዋ የት አለች?» ብቻ ነው ያለችው።

ኢምራን ሊነዳልን መሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። «ውረድ፣ እኔ ልንዳ፣ አውቃታለሁ» አለችው። ፍቅርን ከኋላ አስገባናት። ያ የኋላው በር ካልተነሣ አይዘጋም አይደል? እኔ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። እሷ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ዘጋችው። ገብታ ስትቀመጥ መሪው ሥር ያለውን ያን የላላ ሽቦ ሳታይ በእግሯ ገፋ አደረገችው። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ ጥበቡ። ልሰድብህ ነበር፤ ግን ከኋላ የምትጮህ ሴት ይዘን የምሳደብበት አፍ ከየት ይምጣ።

ጉና ተራራ ላይ ጭጋግ ወርዷል። መንገዱ አይታይም። ፍቅር ከኋላ ሆና የሰርካለምን ትከሻ ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ ሲገባ አያለሁ፣ እሷ ግን ትከሻዋን አላራቀችም።

«እህቴ፣ ማን ልበልሽ?»

«ሰርካለም።»

«ሰርካለም፣ በማርያም፣ እንዳታቆሚ።»

«አላቆምም። አይዞሽ።»

ኬላ ላይ አስቆሙን። አንዱ ጠባቂ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየና «አንቺ ምኗ ነሽ?» አላት። ፈጥና «እህቷ ነኝ» አለችው። ገመዱ ወረደልን። ክምር ድንጋይ ከተማን ካለፍን በኋላ ፍቅር መጮህ አቆመች። ያ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ስሟን እየጠራሁ ጉንጯን እመታለሁ። ሰርካለም እንባዋ እየወረደ ትነዳለች፤ የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። ለራሷም ይሆናል፣ ለፍቅርም ይሆናል። እኔ ስለቴን ለቤተ ልሔም ማርያም ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ ለአንተ አልነግርህም።

ሐኪሙ ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ «ሁለቱም ተርፈዋል፣ ትንሽ ብትዘገዩ ግን አይተርፉም ነበር» አለን። ሰርካለም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ከሚስቴ ተፋትቻለሁ ነበር ያለኝ» አለች። «በእመቤቴ፣ እማማ፣ አላወቅኩም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። የሰደብኩት አንተን ነው፤ ያውም በሆስፒታል ኮሪደር፣ ሰው እየሰማ።

ቁልፉን በመዳፌ አስቀምጣ ልትሄድ ተነሣች። ያን ጊዜ ነርሷ መጥታ ፍቅር እየጠራቻት ነው አለች። ገባን። ፍቅር ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ሰርካለምን ብዙ አየቻት።

«ከእስቴ ድረስ የእኛን መኪና ቁልፍ ይዘሽ መጣሽ» አለቻት።

ሰርካለም አንገቷን ደፋች። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

«ግድ የለም፣ አልጠይቅሽም» አለች ፍቅር። «አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ። ልጄን ክርስትና አንሽልኝ።»

አበልጅነት ምን እንደሆነ የቄስ ትምህርት ቤት አስገብቼ ላስተማርኩህ ለአንተ አልነግርህም። ልጅህን ከቅዱሱ ውኃ የተቀበለች ሴት ለአንተ እህት ናት። ከዚያ ወዲያ በሌላ ዓይን ማየት ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው፤ አገር ሁሉ ይጸየፈዋል። ሰርካለምም ይህን እንደ እኔ ታውቃለች። ፊቷ ላይ አየሁት፤ የሆነ ነገር ወደቀ፣ የሆነ ነገር ደግሞ ቀለለላት። ጎንበስ ብላ የሕፃኗን እግር ሳመችና «አነሣታለሁ» አለች።

ፍቅር ታውቃለች ወይስ አታውቅም ብለህ አትጠይቀኝ። እኔም አልጠየቅኳትም። ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ሁለቱ በስልክ ያወራሉ፤ ስለ ሕፃኗ ልብስ፣ ስለ ወተት፣ ስለ ብርዱ። አንድ ቀን ስምህን ሲያነሡ አልሰማሁም። ፍቅር ስታወራ ድምፅዋ ደህና ነው፤ ስልኩን ስትዘጋው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆያለች። እሷን እንዲያ ሳያት አንተን የወለድኩበት ቀን ይቆጨኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትናፍቀኛለህ። እናት መሆን እንዲህ ያለ መከራ ነው።

ጾም ሊገባ ነው። ሰማንያዋ የሚሞላው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አባ ወልደ ሰንበት ቀኑን ይዘውልናል። መኪናዋን መናኸሪያ ድረስ ልኬ አስቀብልሃለሁ፤ ኢምራን ይነዳታል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።

ይህን ወረቀት ልጽፍልህ ስቀመጥ ፍቅርን «ምን ልበልልሽ?» አልኳት። «ና በይው» አለችኝ። «ሌላስ?» ብላት ልጅቷን እያጠባች ቀና ሳትል «ሌላ የለኝም። ሲመጣ አበልጁን ራሴ አስተዋውቀዋለሁ» አለች።

የቤተ ልሔም እመቤት መንገድህን ትጠብቅልህ፤ ከመንገዱም ይልቅ ልብህን።

እናትህ
የሻረግ