በግራ እጅ የተፈተለ ጋቢ

ቢቸና፣ ጥቅምት 26 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስራቅ ደሴ
ጋምቤላ

ወንድምሽ ይስማው ሞጣ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያሠራልኝ ጎጆ ባለፈው ሳምንት በር ገብቶለታል።

እንዴት ከርመሻል፣ ልጄ? ባልሽንስ ወባው ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ከወደቅሁ ወዲህ ብርድ ሲሆን ወገቤን ይይዘኛል እንጂ ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ጤፉም ዘንድሮ አምሯል። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልሽ። በጎረቤት ልጅ እንዳላስጽፍ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም።

ለይስማው ልጅ ክርስትና ሞጣ ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ ወለተ ሥላሴ የሚሏቸው አሮጊት መነኩሲት እጄን ያዙኝና፣ «በሩን ወደ ፀሐይ አዞርንልሽ፤ ልጅሽ ወደ መቃብሩ ሊያደርገው ነበር» አሉኝ።

«የምን በር?»

«የጎጆሽ ነዋ። የኅዳር ማርያም ለት ቆብ ትጭኚ የለ? ጎረቤት ላገኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። ፊተኛዋ ታንኮራፋ ነበር፤ አንቺ ብቻ እንደሷ እንዳትሆኚ።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ቤት ስንገባ ይስማውን ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«እቴቴ፣ ብቻዎን እኮ ነዎት። ክረምት ጓሮ ወድቀው፣ ሰው እስኪደርስልዎ ጭቃ ላይ አልነበሩም? እዚያ መነኮሳቱ አሉ። እኔም ቅርብ ነኝ።»

«ቤትህስ ከጎጆው አይቀርብም?» አልሁት።

ሚስቱ ስንዱ ነገሩን ላብርድ ብላ ተነሥታ ሣጥን ከፈተች፤ ቢጫ የመነኩሲት ልብስ አወጣች። «ይዩት እስቲ፣ እንዴት እንደሚያምር። ሸማኔው አብዱራዛቅ፣ ይሄ ፈትል በግራ የተከረረ ነው እያለ ሲስቅ ነበር» አለች።

በግራ እጇ የምትፈትል እናትሽ ናት። ዳሰስሁት፤ አወቅሁት። ሐምሌን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጬ የፈተልሁት ነው። ለባሌ ጋቢ ይሆነዋል፣ በይስማው እጅ ይላኩልኝ ብለሽ ያዘዝሽኝ። ጋምቤላ ሙቀቱ አያስተኛም እያልሽ ስትጽፊልኝ፣ እዚያ አገር ጋቢ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ አልጠየቅሁም። የእናቷ እጅ ሥራ ናፍቋት ነው ብዬ፣ ቀጭን አድርጌ ፈተልሁልሽ።

ፊቴን ሲያይ ይስማው አልሸሸገኝም። «ያሰበችው ምስራቅ ናት። አስቀድመን ብንነግራቸው እንቢ ይሉናል፤ ሁሉም ካለቀ ግን ሰው አፍረው እሺ ይላሉ አለች» አለኝ።

ደህና አድርገሽ ታውቂኛለሽ።

ምንኩስናን አልጠላሁም። እናቴም ቆብ ጭና ነው ያረፈች። ግን ራሷ የነፍስ አባቷን አስጠርታ፣ በገዛ አፏ ለምና ነው። የኔን የነፍስ አባት ብጠይቃቸው፣ «ልጆችሽ ጠየቁልሽ፤ ፈቃድሽ መስሎኝ» አሉኝ። ቆብ የጫነ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ነው፤ ሰለቸኝ ቤቴ ልመለስ አይልም። አባትሽ ያቆመውን ቤት ቆልፌ ስወጣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ እንኳ ተነጋግራችሁበት ይሆናል።

ይስማው የኅዳር ማርያም ለት በጠዋት መኪና ይዞ ሊመጣ ነው። የዚያ ለት የማኅበራችን ጽዋ ተራው የኔ ነው። ጌሾውን ወቅጬ አስቀምጫለሁ። ማኅበርተኛውን ቅሩ አላልሁም፤ ይስማውንም አትምጣ አላልሁትም። ልብሱን ግን ከስንዱ ተቀብዬ ይዤው መጥቻለሁ። መደቡ ላይ፣ ከጌሾው አጠገብ ነው ያለው።

ያስፈተልሽኝ አንቺ ነሽና የምታለብሺኝም አንቺ ሁኚ። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ጠይቀሽ ለዚያ ለት ነይ። ዓይኔን እያየሽ «እቴቴ፣ ይልበሱት» ካልሽኝ እለብሰዋለሁ። በደብዳቤ ወይም በወንድምሽ አፍ ከሆነ ግን አልሰማም።

እመቤታችን ከወባ ትሰውራችሁ። ልጅ ትስጥሽ፤ የምትሰጥሽም ልጅ ፊት ለፊት የምታናግርሽ ትሁን።

እናትሽ
የትናየት

የኅዳር ማርያም እሑድ ነው የምትውለው።