ፍሬኑ የሚነክሰው ጎን

ሰኞ፣ የካቲት 3

በግራ በኩል ሃያ ሰባት ጭረት ቆጠርኩ። በቀኝ በኩል አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ዓይኔ ደከመና ተውኩት።

የእህቴ የእልፍነሽ ብስክሌት የፊት ጎማ ነው። ሥልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወጣት ሳለች ትወዳደርበት የነበረውን ብስክሌት ከዕቃ ቤት አውጥታ ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ አቁማው ሄደች። አሠልጣኛቸው የነበሩት ጋሽ ደምሴ እሑድ አርባ ቀናቸው ነው። ያሠለጠኗቸው ሴቶች ከቅዳሴ በኋላ ከእንጦጦ አናት እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በየድሮ ብስክሌታቸው ሊወርዱ ተስማምተዋል። የእልፍነሽን ጎማዎች ሽቦ በሽቦ የገጠሙላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በሌላ አልወርድም ብላለች።

መንዳቷ አያሰጋኝም፤ በየጠዋቱ በልጇ ብስክሌት ትነዳለች። የሚያሰጋኝ ቸርኬው፣ ጎማውን የተሸከመው የአልሙኒየም ክብ፣ ነው። የዚህ ብስክሌት ፍሬን ሁለት ላስቲኮች ናቸው፤ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ነክሰው ይይዙታል። የሚነክሱት ቦታ ስፋቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሰው ያን ያህል ቁልቁለት የሚወርደው ነፍሱን በዚያች ስስ አልሙኒየም ላይ ጥሎ ነው። ይህን ያህል ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩትም።

“ጋሼ፣ አንተ አይሆንም ካልክ እቀራለሁ” ብላኛለች። ልጆቿ አይሆንም እንደምል እርግጠኞች ናቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በሳሙና አጠብኩት፤ ቀጥሎ በአልኮል ጠረግሁት። ያገኘሁት ጉዳት፦

ጭረቶቹ (ከላይ የጻፍኳቸው)።
ጠጠር መትቶት ወደ ውጭ ያበጠ አንድ ቦታ። ጎማው በዞረ ቁጥር ፍሬኑ እዚያ ላይ ገጭ ይላል።
ላስቲኮቹ ደርቀዋል።

ላስቲኮቹን ከመጣሌ በፊት በማጉያ መነጽር አየኋቸው። የአሸዋ ቅንጣት ተሰግስጎባቸዋል፤ በአሸዋው መሐል ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። በመርፌ ነቅሼ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። የቸርኬው ፍቅፋቂ ነው። ለካ ላስቲኩ የእንጦጦን ጠጠር እየዋጠ፣ በዋጠው ጠጠር ቸርኬውን ሲያርሰው ኖሯል። በጥርስ ሊነከስ የሚችል ለስላሳ ነገር ብረትን እንዲህ ያርሳል።

ከሰዓት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። አንድ ጭረት ሳላስቀር አጠፋለሁ። እስካሁን አራቱ ጠፍተዋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሥራ አንድ አጠፋሁ። ደስ ብሎኝ እብጠቱን እንዲያስተካክልልኝ ከየካ ሚካኤል በታች ወዳለው ጎሚስታ፣ ወደ ሙዘይን፣ ወሰድኩት። እሱ እብጠቱን ትቶ እኔ የፋቅሁትን በጥፍሩ ዳሰሰ።

“ይህን ማን ፋቀው?”

“እኔ።”

“መምህር፣ የፈተና ወረቀት መሰለዎት እንዴ?”

ሣቀ፤ ኋላ ግን አልሣቀም። ጭረት ጉድጓድ ነው፣ ጉድጓድ ላስቲክ አይቆርጥም አለኝ። የሚቆርጠው በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀና ብሎ የቆመው ስለት ነው፤ መነሣት የነበረበት እሱ ብቻ ነው። “ጉድጓዱን ላጥፋ ብለው ሜዳውን ሁሉ ዝቅ ካደረጉት፣ እቴቴ እልፍነሽ በምን ልትቆም ነው?”

እቤት ገብቼ ማስመሪያ በጎኑ ላይ አጋደምኩና ወደ ብርሃን አነሣሁት። በሌላው ቦታ ሁሉ ማስመሪያውና ቸርኬው ገጥመዋል። እኔ በፋቅሁት ቦታ በመሐላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ይታያል። የእንጦጦ ጠጠር በስንት ዓመት ያላደረገውን እኔ በሁለት ቀን አደረግሁት።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለእልፍነሽ ደውዬ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ ነገርኳት። ከዚያ “እሺ፣ መልሰህ ለጥፈዋ” አለችና ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም።

ሙዘይን ጋ ተመለስኩ። ለእብጠቱ መዶሻ ያነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለት የወይራ እንጨት አመጣ፤ ቸርኬውን በመሐላቸው አድርጎ በብሎን እየጠበቀ ብረት በሚይዝ ሞርሳ ውስጥ አስገባ። ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ያያል። እንደገና ሩብ ዙር። አጠገቡ ቆሜ ስተነፍስበት “ምሳዎን በልተው ይምጡ፤ እርስዎ ሲያዩት እኔም ብረቱም እንቸኩላለን” አለኝ። አልሄድኩም። ሥራው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ የቆሙትን ስለቶች ብቻ በሞረድ ጫፍ አነሣና ቦታውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

ከዚያ ጎማውን አንጠልጥሎ አሽከረከረው። ያየሁትን በትክክል መጻፍ ይከብደኛል። ሽቦዎቹ ጠፉ። ቸርኬው ግን የቆመ መሰለኝ፤ አንድ የብርሃን መስመር ሳይርገበገብ አየር ላይ ቆመ። እንከን ያለው ክብ ሲዞር ይታወቃል፤ ይህ መዞሩ ራሱ አልታወቅ አለ። መዞሩን ላረጋግጥ ጣቴን ስሰድ ሙዘይን እጄን መታኝ። ሥልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ እጄን ተመታሁ። ደግ አደረገ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እብጠቱ ድኗል። የቀረው የእኔ ጥፋት ነው።

ሙዘይን የነገረኝ ፈተና ይህ ነው፦ ጎማው ከሚገባው በላይ በአየር ይወጠርና አንድ ቀን ይቆያል። የቸርኬው ግድግዳ ከልክ በላይ ሳስቶ ከሆነ ወደ ውጭ ይገፋል። ዙሪያውን ስምንት ቦታ በእርሳስ ቁጥር ሰጥቼ ስፋቱን በካሊፐር ለካሁና መዘገብኩ። የፋቅሁት ቦታ ሦስተኛው ነው። ነፍቼ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቆምኩት።

ሦስተኛው የፀጉር ያህል እንኳ ከሰፋ፣ አይሆንም እላለሁ። ነገ ራሴን እንዳላታልል ዛሬ ጽፌ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ስምንቱንም ሦስት ጊዜ ለካሁ። አልተለወጡም። ዓይኔን ስላላመንኩ ተሸክሜ ሙዘይን ጋ ወረድኩና የትናንቱን ቁጥር ሳልነግረው ሦስተኛውን አስለካሁት። ያንኑ ቁጥር ነገረኝ።

ለእልፍነሽ ደወልኩ። “ውረጂ” አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

“አስተማሪ ሲያሳልፍ እንዲህ ነው?” አለች።

ከሰዓት አዲስ ላስቲክ ገጥመን ከቤታችን በላይ ባለችው አጭር ቁልቁለት አምስት ጊዜ ሞከረችው። ገጭ አይልም፣ አይጮህም። ማታ ትልቋ ልጇ ደውላ “አጎቴ፣ እርግጠኛ ነህ?” አለችኝ። “በለካሁት ልክ” አልኳት። ያለኝ ይኸው ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ታች ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሰባት ናቸው። በመታጠፊያው አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረዋል። አምስተኛዋ እልፍነሽ ናት። ፊት ለፊቴ ያለ ምንም ድምፅ ቆመች፤ አንድ እግሯን መሬት አስረገጠች።

ጎንበስ ብዬ ቸርኬውን ነካሁት። ጣቴን ቶሎ መለስኩ። ያቃጥላል።

ከከፍታ የሚወርድ ነገር ጉልበቱ አይጠፋም፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌያለሁ። ተማሪዎቼ ገለበጡት፣ እኔም አረምኩላቸው። ያ ሁሉ ተራራ፣ ከእህቴ ክብደትና ከፍጥነቷ ጋር፣ ዛሬ ጥፍር በምታህል ጠርዝ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። የጣቴ ጫፍ አሁንም ቀይ ነው።

“ጋሼ፣ እኔን ሳትስም ቸርኬውን?” አለች። ያኔ ሳምኳት።

ሌሎቹ ሰምተው መጡ። ጋሽ ደምሴ በእጃቸው የገጠሙት ጎማ ከሰባቱ ብስክሌቶች በዚህ ላይ ብቻ ነው የቀረው። ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ነኩት። የመጨረሻዋ ስትደርስ ቸርኬው ለብ ብሎ ነበር፤ እጇን ብዙ አቆየችው።