በፈቃድ ስለተረከባችኋቸው የጎረቤቴ ላሞች

ለተከበሩ የከተማችን ጽዳትና ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎ የጸና፣ ወንበርዎም የተመቸዎ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና እንድሆን ምን ያህል እንደደከማችሁ ለመመስከር ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

በዚህ ዓምድ ስለ ሠርግና ስለ ሰፈር ሐሜት ሳወራ የኖርኩ ሴት ዛሬ ስለ ላም ልጽፍ ነው ብል አንባቢዎቼ ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ እኔ ግን አቅቶኛል። በአንድ ግንብ የምንዋሰነው ልብስ ሰፊ፣ ሚስቱና ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አሮጊት እናቱ በጓሯቸው አንዲት ላምና ጊደር ልጇን ያኖሩ ነበር። በእምነታቸው ላም የቤቱ እናት ናት፤ አትታረድም፣ አትሸጥም፣ ጠዋትም እሷ ሳትቀምስ እማማ አይቀምሱም። ሰፈሩ ላሟን «እሜቴ» ይላታል፤ በር ተከፍቶላት እንኳ እንደተጋበዘች ወይዘሮ ቆም ብላ ግራ ቀኙን ሳታይ አትወጣማ። ባለፈው ሳምንት መኪና ልካችሁ ሁለቱንም ወሰዳችኋቸው። ስለዚህም ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፣ ስለ ምቾቴ። ሠራተኛዎ በእማማ ደጅ ቆሞ፣ ሰፈሩ እየሰማ፣ «በከብቶቹ ሽታ አጎራባቿ ሴትዮ ተቸግራለች» ብሏል። አጎራባቿ ሴትዮ እኔ ነኝ። መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ መቸገሬን ከእናንተ በመስማቴ ተደንቄያለሁ። ብትጠይቁኝማ ኖሮ ከደጄ ፊት ለፊት ሞልቶ የፈሰሰውን የራሳችሁን የቆሻሻ ገንዳ በደስታ አሳያችሁ ነበር። ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ያንን በረት ሲያጥብ ከማድ ቤቴ መስኮት አየዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ሳሎኔን እንደዚያ አጥቤ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት እማማ በሬን አንኳኩ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ፈርቼ ከፈትኩ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ መቸገርሽን ምነው ሳትነግሪኝ? እኔ እኮ ሽታውን ለምጄው አይታወቀኝም፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህስ ስድቡ በተሻለኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። «ይሁን፣ የኔ ልጅ» አሉ። ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

2ኛ፣ ስለ ሕግ አዋቂነታችሁ። እሜቴ መኪናው ላይ አልወጣም አለች። ጎረምሶቻችሁ ገፉ፣ ጎተቱ፣ ጅራቷን ጠመዘዙ፤ በመጨረሻ አንዱ ዱላ አነሳ። ያን ጊዜ እማማ «ተዉ ልጆቼ፣ እኔ አወጣታለሁ» ብለው ቀረቡ። አንገቷን እያሻሹ፣ ጆሮዋ ሥር እያንሾካሾኩ፣ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ቀድመዋት ወጡ። እሜቴም ሣር ወዳለበት የሚወስዷት መስሏት ተከተለቻቸው፤ ጊደሯም እናቷን። እማማ ሲወርዱ እጃቸው በላሟ ምራቅ ርሶ ነበር፤ አልጠረጉትም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው አቤት ሊል ሲመጣ «ባለቤቶቹ በፈቃዳቸው ስላስረከቡ አቤቱታ አንቀበልም» አላችሁት። የምን ፈቃድ ቢላችሁ፣ «የጫኗት እናትህ ራሳቸው አይደሉም እንዴ?» ብላችሁ መለሳችሁት። ርኅራኄን ፊርማ አድርጎ የሚያነብ መሥሪያ ቤት ስላለን ኮርተናል።

3ኛ፣ ስለ ሐራጁ። ላሞቹን በሐራጅ ስትሸጡ ቤተሰቡም እንደማንኛውም ሰው መጫረት እንደሚችል ስላሳወቃችሁ እናመሰግናለን። ልብስ ሰፊው «በእናቴ ላይ ዋጋ ልጥራ?» ብሎ መቀሱን አስቀመጠ፤ ያን ቀን ጨርቅ አልቆረጠም። ሌሎቹ ተጫራቾች ሥጋ ቤቶች መሆናቸውን ለእማማ አልነገርናቸውም። እኔ ልግዛት ብል ደግሞ ወደዚያው ጓሮ መመለስ ክልክል ነው አላችሁኝ።

4ኛ፣ ስለ ጥበቃችሁ ትጋት። እማማ ጠዋት ጠዋት የእሜቴን ድርሻ በሳህን ይዘው ወደ ማቆያ ግቢያችሁ ይሄዳሉ። ጥበቃው «እማማ፣ ለከብት ጠያቂ አይፈቀድም» ይላቸዋል። ሳህኑን እንደያዙ ይመለሳሉ። ከዚያ ምራታቸው እየለመነች፣ እያለቀሰች ጥቂት ታጎርሳቸዋለች፤ ፊታቸው አንድ ጭብጥ ሆኗል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። እኔ፣ አጎራባቿ ሴትዮ፣ ቅሬታ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። በስሜ የወሰዳችኋቸውን ላሞች በስሜ መልሱልኝ፤ ሐራጁ ሳይደርስ። ሌላው ሰው እናቴ ናት ያላትን እኛ እናት እንድንላት ማንም አላስገደደንም፤ ከእጁ ባንነጥቃት ይበቃ ነበር።

ሰላሟን ሳትለምን የተቀበለች፣ ጸጥ ባለ ጓሮ አጠገብ ተመችቷት የተቀመጠች፣

አጎራባቿ ሴትዮ

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሠራተኛዎ የእማማን በር አንኳኳ። እሜቴ ወደ ሐራጁ ቦታ አልጫንም ብላ አስቸግራለችና «እማማ ቢተባበሩን» ይላል። እባክዎ ይቅሩ ብዬ እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። «ይመቷታላ፣ ልጄ» ብለው ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ተከተሉት። ሳህኑንም ይዘዋል። እባክዎ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ለጥበቃው ይደውሉለትና ያስገባቸው፤ ዛሬ እንኳ የጠራችኋቸው እናንተ ናችሁ።