ስለ አምባዛዎችህ ደም

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድምጋሼ ዓለምነው፣

ስልኬን አላነሳ ስላልከኝ በወረቀት መጣሁብህ። የደምበጫው ሚኒባስ ሾፌር አንሙት በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። እባክህ ሳትቀደው አንብበው።

በፋሲካ ማግስት ወንዙ ዳር፣ ዓሣው ተበክሏልና ማጥመዱን ተው ስልህ ያልከኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። "በዓሣ አስተማርኩሽ፤ ተምረሽ ዓሣዬን ልትነጥቂኝ መጣሽ?" ብለህ ጀርባህን ሰጠኸኝ። እኔም መንገዴን ይዤ ተመለስኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱን ከጀመርኩ የራሴን ጥፋት ጭምር መናገር ስለነበረብኝ ነው።

በኅዳር ለመመረቂያ ጥናቴ ዐሥራ ሁለት አምባዛ ዓሣ ስጠይቅህ "ለእህቴማ ምርጥ ምርጡን!" ብለህ በባልዲ ውኃ፣ ነፍሳቸው እንዳለች ሰጠኸኝ። ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠብታ ደም ወስጄ መስታወት ላይ አሰጣሁት፤ ቀለም አስነክቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የዓሣ ደም እንደኛ አይደለም፤ ቀዩ ሕዋስ መሐሉ ላይ አስኳል አለው። ከወላጅ የሚወረሰው ሁሉ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። በጤነኛ ዓሣ ያ አስኳል አንድ ሙሉ ነገር ነው። ያንተዎቹ ግን ተቆርሶባቸው ፍርፋሪው ጎኑ ወድቋል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ሁለተኛውም ዓሣ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። የሚተነፍሱበት ስንጥብ አብጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ጉበታቸው ሲመረመር እርሳስ የሚባለው ብረት ተገኘበት። ከድልድዩ በላይ አሮጌ ባትሪ እየሰባበሩ የሚያቀልጡትን ሰዎች ታውቃቸዋለህ። ከእነሱ በላይ ካለው ውኃ ያስጠመድኳቸው ዓሦች ደም እንዲህ አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት በጥር ነው፣ ወንድምጋሼ። በጥር! አማካሪዬ "ሳይደገም አይወራም፤ ጽሑፍሽ እስኪያልቅ ታገሺ" አለኝ፤ ታገሥኩ። ሁዳዴ ገባ። ከተሜው ዓሣ ፈላጊ በዛና ደስ ብሎህ ደወልክልኝ፦ "እታለም፣ ዘንድሮ ገበያው ደርቷል!" እሰይ አልኩህ። ስለ ሚስትህም አነሳህና "የኔአለምም ተስማምቷታል። ልጁ አጥንቱ እንዲጠና የጭንቅላቱን ሾርባ በየቀኑ ነው የማፈላላት" አልከኝ። እርሳስ ከሥጋው ይልቅ አጥንትና ስንጥብ ውስጥ እንደሚከማች አውቃለሁ። ለነፍሰ ጡር ምን እንደሆነም አውቃለሁ። "አታጠጣት" የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። መመረቂያዬ እንዳይበላሽ ፈራሁ። ከዐሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አባትም እናትም የሆንከኝን ሰው፣ ለወረቀት ብዬ ሁዳዴውን ሙሉ ሚስትህን መርዝ ስታጠጣ እያወቅሁ ዝም አልኩህ።

ዘግይቼም ቢሆን ውጤቱን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። "ኮሚቴ ይቋቋማል" አሉኝ። እስከ ዛሬ የተቋቋመ የለም። ማቅለጫው ግን ትናንትም ይጨስ ነበር።

አሁን ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረብኝን ልጻፍ፤ ፈርቼ ነው ወደ መጨረሻ የገፋሁት። የኔአለም እኔ ጋ ናት። እናቷ ዘንድ አይደለችም፤ ላንተ የነገረችህ ለመውጫዋ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ "ሰው ይፈልግሻል" ብሎ ጠራኝ። ስወጣ የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ እግሯ አብጧል።

"ደብሪቱ፣ ወንዝ ዳር የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ" አለችኝ። "እሱ እልህ ይዞታል። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ላለው ምን ልበለው?"

እጇን ይዤ ወደ ክፍሌ ወሰድኳት። ውኃ ሰጠኋት፤ ብርጭቆውን አየት አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ "የአምናው ፅንስ የወረደብኝም በዚሁ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ወንድምጋሼ፤ አላውቅም። አላምን ብላኝ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የልጁ ልብ ይመታል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእርሳሱ ምርመራ ግን እዚህ ስለማይሠራ ደሟ አዲስ አበባ ተልኳል። ውጤቱ በመጪው ሐሙስ ይደርሳል ብለዋል። እስከዚያ አልጋዬ ላይ ትተኛለች። ሆዷ ሲንቀሳቀስ ብቻ እጄን ትይዝና ታስነካኛለች፤ እኔም እነካዋለሁ፤ ፊቷን ማየት ግን ያቅተኛል።

ከሐሙስ በፊት ና። ልትመታኝም ከሆነ ና፤ እጅህን አልይዝም። እህቴ አይደለሽም ብትለኝም እቀበላለሁ። ብቻ ያንን የውጤት ወረቀት ለእሷ የማነበው እኔ እንዳልሆን። በእጄ የገባውን ክፉ ወሬ አንዴ ደብቄያለሁ። ፊቷን እያየሁ ደግሜ እንዳልደብቀው፣ በእግዜር ስም፣ ራሴን አላምነውም።

ያሳደግካት
ደብሪቱ