ቅዳሜ የማይከፍት ፀጉር ቤት

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ዛሬም ከእትዬ ጋር ተጨቃጨቅን። አዲስ ነገር የለውም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ፊቷ ይቀያየራል። ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ እየሰማች እንኳ አትምረኝም።

«የነገው ሙሽራ ሁሉ ሌላ ቤት ይሄድልሻል። አንቺ ግን ዝጊ።»

«እዘጋለሁ።»

«ደረቅ!»

ደረቅ ነኝ። እሷስ? እናታችን ይህን ፀጉር ቤት ለሁለታችን ትታ ስትሄድ ድርቅናውንም አካፍላን ነው የሄደችው። እትዬ ጥፍርና ቀለም ትሠራለች፤ ሙሽራ ግን የሚመጣው ለእኔ እጅ ነው። ስለዚህ እኔ ከዘጋሁ ተዘጋ። እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው የሚያንገበግባት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለሉን አጠብኩ። ወንበሮቹን አዞርኩ። መስታወቶቹን በአንሶላ ሸፈንኩ፤ ነገ የምንጸልየው እዚሁ ነው። ድሮ አንሸፍናቸውም ነበር... አንድ ሰንበት ጎሚስታው ጸሎት ላይ ዓይኑን ገልጦ የራሱን ፊት ቢያይ በሳቅ ፈረሰ፣ እኛንም አፈረሰን። አንሶላው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስንጀምር እኔና እማማ ብቻ ነበርን። እማማ የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው፤ ግማሹ ሰፈር በእጃቸው ነው የወጣው። ከዚያ ጎሚስታው መጣ። ጎማ ከመጠገን ሌላ ነገር የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ ሚስቱን አመጣ፣ ሚስቱ እህቶቿን አመጣች። መምህር ከነቤተሰቡ ተጨመረ። አሁን ወንበር አይበቃንም። የፀጉር ማጠቢያው ወንበር ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ድሮ እዚህ አካባቢ አድቬንቲስት ሲባል የሚያውቅ አልነበረም። አሁን «እነዚያ የቅዳሜዎቹ» እንባላለን። ይበሉን።

ግን እስካሁን ቤተ ክርስቲያን አይደለንም። «ስብስብ» ነን። በሚቀጥለው ሳምንት የሚሲዮኑ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሊያየን ይመጣል። ወይ ያደራጀናል፣ የራሳችን ሽማግሌና ዲያቆን ኖሮን በስማችን እንጠራለን። ወይ ከተማ መሃል ካለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይቀላቅለናል። ያ ማለት መበተን ነው። እማማ እዚያ ድረስ በምን እግራቸው ይሄዳሉ? በሰንበት ለታክሲ አይከፍሉ... የትም አንሄድም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

መምህር መጣ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንተ ነው። ማስታወሻ መጻፍ ጥቅሙ ይኼ ነው። ጸሐፊውም ሲመጣ እንዲሁ።)

በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየ። የሠራኋቸው ሙሽሮች ፎቶ ነው።

«እህቴ፣ ጸሐፊው መጥቶ እስኪሄድ እነዚህን ብናወርዳቸውስ?»

«ለምን?»

«እንዲያው... እምነታችን የሚያስተምረው ቀላል አለባበስ ነው። ይኼ ደግሞ ጌጥ ነው፣ ቀለም ነው...»

እኔ ጌጥ አላደርግም። ጆሮዬም አንገቴም ባዶ ነው። ወድጄ ነው የተውኩት፣ ማንም አላስተወኝም። ሥራዬ ግን ሌላ ነው። ስንቷ ሴት አንገቷን ደፍታ ገብታ ቀና ብላ ወጥታለች። ይኼ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?

አላወረድኳቸውም። እንዲያውም አንዱ ዘሞ ነበር፣ አቃናሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። በሰንበት መግቢያ!

ጸሐፊው ከፀሐይ በፊት እደርሳለሁ ብሎ ነበር። ፀሐይ ጠለቀች፤ የለም። መዝሙር ጀመርን፤ የለም። ከመሸ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጫማው አቧራ፣ ቦርሳው በእጁ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ሚስማር ወግቷት ተንፍሳለች። መለዋወጫ ጎማው፣ ስኮርታውም፣ የተነፈሰ ነው።

ሁላችንም ዞረን ጎሚስታውን አየነው። ጎሚስታው ጣሪያውን አየ።

«አይ... አልጠየቅኩም» አለ ጸሐፊው። ሰው ሲያፍር ያስታውቃል። ሊመረምረን የመጣው ሰውዬ ሰንበት መንገድ ላይ ገባበት! እማማ ናቸው ያዳኑት።

«መልካም ሰንበት። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጎማዎን ያስተነፈሰው ጌታ አውቆ ነው።»

እትዬ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ታክሲ ልጥራላቸው?»

«በሰንበት ለታክሲ አንከፍልም።»

«እንግዲያው በእግራቸው ይንኩት!»

ለካ ሐሳቡ ጠዋት እኛ ጋ ለአንድ ሰዓት ብቅ ብሎ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሊሰብክ ነበር። አንድ ሰዓት! አንድ ሰዓት አይቶ ነው ሊፈርድብን የነበረው። አሁን እስከ ነገ ማታ የኛ ነው። ጎሚስታው ቤት ያድራል። እሰይ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። ከእራቱ በፊት እግር እንተጣጠባለን፣ ሴት ከሴት ጋር፣ ወንድ ከወንድ ጋር። ሳፋዎቹ የፀጉር ቀለም የምናጥብባቸው ናቸው። እንዴት አድርጌ ፈትጌያቸው ነበር! አንዱ ላይ ግን ቡናማ እድፍ ቀርቷል፣ አይለቅም። ያንኑ ነው ጎሚስታው አንስቶ ጸሐፊው እግር ስር ያስቀመጠው። ጸሐፊው እድፉን አየ። እግሩን ውኃው ውስጥ ከተተ።

የእኔን እግር እማማ አጠቡኝ። እኔ የሳቸውን። እግራቸው አብጧል። ጎንበስ ብለው ሲጸልዩልኝ ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል... ከዚህ ቤት ማን ያወጣቸዋል?

ከምሳ በኋላ ጸሐፊው ግቢ ጠራኝ።

«ሰዎቻችሁ ጥሩ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ቤቱም ችግር የለውም።»

«እሺ።»

«ችግሩ ያንቺ ሥራ ነው። የመጀመሪያ አባል ተብለሽ ስትቆሚ ሰው ምን ይላል? የሙሽራውን ሥራ ብትተዪ ነገ ላደራጃችሁ እችላለሁ። ካልሆነ ስብስቡን ከትልቁ ጋር መቀላቀል ይሻላል።»

«ጎሚስታው የሰካራሙንም የሌባውንም ጎማ ይጠግናል። እሱስ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ወደ በሩ ዞረ። «ሰንበቴን ለእህቴ አልሰጠሁም። ሥራዬን ደግሞ ለእርስዎ አልሰጥም» አልኩት። ከየት መጣልኝ?

እሑድ፣ መጋቢት 14

ጎማው ተጠገነ። ሄደ። ጎሚስታው አላስከፈለውም። እኔ ብሆን አስከፍለው ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

የረቡዕ ጸሎት ላይ መምህር ተነሣ። በለሰለሰ ድምፅ። «አንድ ሰው አንድ ነገር ቢተው ሁላችንም እናገኛለን። እህታችን ታስብበት።» አንድ ሰው አልተከራከረልኝም። የጎሚስታው ሚስት እንኳ ወለል ወለሉን አየች። እሷ ናት የጎዳችኝ። መምህርንስ አውቀዋለሁ።

ልተወው ይሆን? እውነቱን ልጻፍ፣ ለአፍታ አስቤዋለሁ። እማማ የዚያን የትልቁን ደረጃ እየተደገፉ ሲወጡ ታዩኝ። ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት... ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ምን አጠፋሁ?

እማማ ቀስ ብለው ቆሙ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አዋልጃለሁ። የልጅ እግር እዚያው ትቼ የቀረውን ያወጣሁበት ቀን የለም። ሙሉውን ነው የማወጣ። ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማንም።»

ጎሚስታው «አሜን» አለ፣ በጣም ጮክ ብሎ። ነገ ሁለቱ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይህንኑ ሊናገሩ ነው።

እትዬ ዓይኔ ማበጡን አይታ ለቀቅ አላደረገችኝም። ነገርኳት። መላጫውን ወረወረችው።

«እናታችን በዚህ ሥራ ነው ያሳደገችን! ምን ሆኖ ነው እሱ? የት ነው ቢሮው?»

«እትዬ፣ ተይ።»

«አልተውም! ደግሞ ቅዳሜውን የተውኩልሽ እንዳይመስልሽ።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ ግን ዞራ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

መልስ መጣ። እማማን እምቢ ማለት ከብዶት መሰለኝ። ጸሐፊው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11 ሊያደራጀን ይመጣል። ግን ነገሩን ከራሱ አውርዶ እኛው ላይ ጫነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ሰዎች ይመረጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በእነሱ ትጀምራለች፣ ከዚያ ሦስቱ ሌላውን ሰው በየስሙ እጅ እያወጡ ይቀበላሉ። «በእሷም ላይ ድምፁ ይወስን» ብሏል።

ሦስቱ እማማ፣ ጎሚስታውና... መምህር። ጸሐፊው ሦስቱም አንድ ልብ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ፣ በክፍፍል ቤተ ክርስቲያን አልጀምርም ብሏል አሉ። መምህር እጁን ካላወጣ እኔ እወድቃለሁ። እማማ ደግሞ «ያለ እሷ አይሆንም» ብለዋል። ሁሉም ነገር አንድ እጅ ላይ ቀረ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

እየጻፍኩትም አላመንኩም። የመምህር ሚስት መጣች። ሻሿን ዓይኗ ድረስ አውርዳ፣ ልጇን አስከትላ። ልጅቷ እሑድ ታገባለች።

«እሑድ ጠዋት ትሠሪልናለሽ?»

«መምህር ያውቃሉ?»

እናትየው ጣሪያውን አየች። ይኼ ጣሪያ ስንቱን አዳነ!

እምቢ ብላት ማን ይፈርድብኛል? ግን ልጅቷ ፀጉሯን ፈትታ እንዲህ አየችኝ... ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አስቀምጬ ሞከርኩላት። የፀጉር መጠቅለያውን ቢጎዲን አወጣሁ፣ ከኋላ ሰበሰብኩላት። እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከሄዱ በኋላ እትዬ ልትፈነዳ ነው። «ቅዳሜ በሰው ፊት ንገሪው! በቃ፣ አለቀለት!»

«አልናገርም።»

«አብደሻል?»

«በልጅቷ ፀጉር አባቷን አልጎትትም።»

አልናገርም። እሱ እጁን ያውጣ፣ አያውጣ... እኔ ግን በዚህ አስገድጄ እጁን አላስወጣውም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ልጻፍ።

ቤቱ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሟል። ሦስቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ሦስት እጅ ይወጣል፣ «አሜን» ይባላል። ሚስት፣ ባል፣ እህት... ሁሉም አለፈ። እኔን መጨረሻ አደረገኝ። አውቆ ነው።

ስሜ ተጠርቶ ሳያልቅ የእማማ እጅ ወጣ። ጎሚስታው ያንን ቅባት የማይለቀው መዳፉን ዘረጋ። መምህር እጁን ኪሱ ውስጥ አደረገ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። የሙሽራውን ሥራ ትተዪዋለሽ?»

ሁሉም ያየኛል። ትንሽ ውሸት ብትሆን ያልፍ ነበር። «አስብበታለሁ» ብል በቂ ነበር።

«አልተውም» አልኩ።

በቃ አለቀ አልኩ። እማማን ማየት አቃተኝ።

ከኋላ የመምህር ሚስት ተነሣች።

«ነገ ልጃችንን የምታሰማምራት እሷ ናት» አለች። «እኔ ነኝ ለምኛት የመጣሁ። እጇን ፈልገን መጥተን፣ እሷን ልንጥል ነው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀስ ብላ ቀና አለች፣ አባቷን አየችው። መምህር አንሶላ የለበሰውን መስታወት አየ። ምን ነበር የሚያየው? ጨርቅ ነው። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣ። ትከሻው ድረስ።

«ድምፅ ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ነው።»

«ከፍ ይበላ!» አሉ እማማ።

ከፍ አለ።

ቤተ ክርስቲያን ሆንን። ጸሐፊው አፉን ሞልቶ ተናገረው፣ በስማችን። ጎሚስታው ሽማግሌ ተመረጠ፣ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ። አላለቅስም ብዬ ነበር። የጎሚስታው ሚስት መጥታ አንገቴ ስር ስትገባ የያዝኩት እንባ ሁሉ መጣ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ሙሽራዋ አማረች። መምህር በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ አልገባም። ስትወጣ ዓይኑ ሞላ። ምንም አላልኩትም። ምንም አለማለት እንዴት ደስ ይላል!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ከተደራጀን ገና ወር አልሞላም፤ ከገበያው ማዶ ሌላ ስብስብ ጀመርን። ጎሚስታው ቤት፣ መሥሪያው ውስጥ። ጸሐፊው ሰምቶ ደወለ። «ትንሽ አትረጉም? ትንሽ አትቆዩም?» «አንቆይም» አልኩት። ደግሞስ በጎማ ቤት ምን ሊል ነው? ሙሽራ የለበት!

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ወንበር የለም። ጎሚስታው ያረጁትን ጎማዎች አጥቦ በክብ ደርድሯቸዋል። ሰው ሲቀመጥ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የገበያው ጫኞች መጡ፣ አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ከነመሐረባቸው መጡ። እማማ አልቻሉም፣ ግን ጸሎት ልከዋል፣ ረጅም ነው። መምህር ትምህርቱን አስተማረ። ይሁን፣ ጥሩ ያስተምራል። ይኼን መጻፍ አላማረኝም፣ ግን ጥሩ ያስተምራል።

መዝሙሩ መሃል ላይ በሩ ጥግ ጥላ አየሁ። እትዬ! የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም፣ ቤት ሆና እቃ ስታጥብ ነበር መሰለኝ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንድም ሰንበት ገብታ አታውቅም፣ ከጓዳ ነው የምትሰማው።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት በሹክሹክታ። «የተቃጠለ ነገር አለ?»

«ምን ይቃጠላል!»

«ታዲያ?»

«እዚያ ስገባ ሥራው ነው የሚታየኝ። አልችልም። እዚህ ይሻላል።» ጎማውን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይኼ ነገር ይቆሽሻል?»

«ታጥቧል።»

«እኔ አላመንኩም ደግሞ። እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም።»

ከኋላዬ ተቀመጠች። ጎማው ሲጮህ ሰማሁት። መዝሙሩ እንደገና ተነሣ፣ ቃሉን አታውቀውም፣ ግን ዜማው ሲደርስ ከኋላዬ አንድ ቀጭን ድምፅ ገባ። እንደ እናታችን ድምፅ ነው፣ ትንሽ ይሰበራል።

ዞሬ አላየኋትም። ካየኋት ትሄዳለች።