ዜሮ ነጥብ ዘጠኝን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ለተከበሩ አቶ ዱዌን ሊንድክዊስት፣
የግሪር ደሴት የበረዶ መንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና ባለቤትዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ፣ የእግርዎ ጣቶችም አሥሩም በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ጣቶቹን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ እየነዳች ከወዲያኛው ዳርቻ ወተትና ዱቄት የምታመላልስልን ሸርሊን ኮስኪ፣ ማርች 19 ቀን በረዶው ተሰብሮ ከነመኪናዋ ሐይቁ ውስጥ ከገባች ወዲህ ሦስት ጣቶቿን በብርዱ አጥታለች። በሕይወት የተረፈችው በአቅራቢያው የነበሩ ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው ስላወጧት ነው።

ባለፈው ሳምንት የላኩላትን የጥሪ ደብዳቤም አይቼዋለሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ቀርባ፣ የበረዶ ላይ መንጃ ፈቃዷ የማይነጠቅበትን ምክንያት እንድታስረዳ አዘዋታል። የኮሚቴያችን መመዘኛ ሠንጠረዥ መንገዱን «ጥሩ» ስላለው ጥፋቱ የአሽከርካሪዋ መሆን አለበት የሚለውን አስተሳሰብዎን ሳነብ፣ በዚህ ኮሚቴ ውስጥ አርባ አንድ ክረምት እንደተቀመጠ ሰው፣ ከዚህ የላቀ ጥበብ አጋጥሞኝ እንደማያውቅ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. አዲሱን ሠንጠረዥ ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ድሮ መንገዱን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ወይዘሮ መርትል ነበሩ። በረዶውን በመሰርሰሪያቸው በስተው፣ የወጣውን ቁራጭ ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩታል፤ ውኃ ገብቶበት ግራጫ ከሆነ ይዘጋሉ፣ በቃ። እርስዎ ይህን ኋላቀር አሠራር አስቀርተው ሰባት መመዘኛ ሰጡን፤ የበረዶው ውፍረት፣ ቀለሙ፣ የአየሩ ሙቀት፣ ንፋሱ፣ የስንጥቁ ብዛት፣ የደሴቱ የዕቃ ፍላጎት፣ እንዲሁም (ይህችን በተለይ እወዳታለሁ) የነዋሪው ስሜት። ማርች 14 ጠዋት ወይዘሮ መርትል የበረዶ ቁራጭ በእጃቸው ይዘው ስብሰባችን ላይ ገቡና «ግራጫ ነው፤ ዝጉት» አሉ። እርስዎም በትሕትና «እናመሰግናለን እማማ፣ እንመዘግበዋለን» ብለው በቀለሙ ረድፍ ላይ «መጥፎ» አስጻፉ። እሳቸው «ምኑን ነው የምትመዘግበው? ሰው ይሰምጣል እያልኩህ!» ብለው፣ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ወጡ። የቀሩት ስድስት ረድፎች «ጥሩ»ና «ደህና» ስለነበሩ አንዷ «መጥፎ» በመካከላቸው ተውጣ ቀረች።

2. በቁጥር ሳይሆን በቃል እንድንመዝን ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። «ደህና» ማለት ከአራት እስከ ሰባት ነጥብ እንደሆነ አስተማሩን። አራት ይሁን ሰባት የምትወስነው ደግሞ በገጹ ግርጌ ያለችው የተስፈኝነት ቁጥር ናት። ዜሮ የሚጽፍ ጨለምተኛ እያንዳንዱን ቃል በዝቅተኛ ነጥቡ ያነበዋል፤ አንድ የሚጽፍ ተስፈኛ በከፍተኛው። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በረዶው የእኛን ስሜት ሲጠይቅ ስላላየሁ፣ የዚህች ቁጥር ጥቅም እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

3. ሦስተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። እርስዎ «በዕድሜም በልምድም የሚበልጠን ይሙላት» ብለው እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ የደሴቱ ሰው ይወቀው። እንደሚያውቁት በየዓመቱ ሞተሯና ዘይቷ የወጣላት አሮጌ መኪና በረዶው ላይ አቁመን፣ የምትሰምጥበትን ቀን በቲኬት እንገምታለን፤ ያወቀ የጀልባ ሞተር ይሸለማል። እኔ ኤፕሪል 6 ብዬ ነበር። ብዬም ዝም አላልኩም፤ ሱቅ ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ ስፎክር ከረምኩ፤ መንገዱ በማርች ቢዘጋ መሳቂያ መሆኔ ነው። እስክሪብቶውን ስይዝ የታየኝ ቲኬቴ እንጂ በጠረጴዛው ላይ የሚቀልጠው ግራጫ ቁራጭ አልነበረም። ድምሩ ከመቶ ሲሰላ ማለፊያው ስድሳ ሲሆን መንገዱ ስድሳ ስድስት አገኘ፣ እርስዎም እስከ ማርች 25 ክፍት እንዲሆን ፈረሙ። በኋላ ቤቴ ተቀምጬ በዜሮ ነጥብ አምስት ባሰላው ሃምሳ አምስት ወጣ። ደጋግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው።

4. ሸርሊንን ሆስፒታል ልጠይቃት የሄድኩት ይህንኑ ልነግራት ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝና «ኖርበርት፣ አንተ ኮሚቴው ውስጥ ስላለህ እኮ ነው ሳልፈራ የነዳሁት» አለችኝ። ቀጥላም ፈገግ ብላ «ወተቱን ሁሉ ዓሣ ጠጣው፤ የዘንድሮ ዓሣ ይወፍርላችኋል» አለች። ያመጣሁላትን ብርቱካን ልጬ ሰጠኋትና ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ አሁንም ይህን የምጽፈው ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ሐሙስ ለሸርሊን ባዘጋጁት ወንበር ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ቁጥሯን በእጄ የሞላሁበትን፣ ከሥሩ እርስዎ የፈረሙበትን ሠንጠረዥም ይዤ እመጣለሁ። እሷ ከዚያ መንጃ ፈቃድ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ የሚነጠቅ ነገር ከጠፋ የእኔ የኮሚቴ ወንበር አለ። መንገዱን የመዝጋት ሥልጣንንም ለወይዘሮ መርትልና ለመሰርሰሪያቸው እንዲመልሱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለሰባቱም መመዘኛዎችዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለመጪው ክረምት ወፍራም በረዶና ቀጭን ሠንጠረዥ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎና ተባባሪ ጥፋተኛዎ
ኖርበርት ሆገን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሮጌዋ መኪና ማርች 21 ስለሰመጠች የጀልባ ሞተሩን በማሸነፍዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ቲኬቶቹ ሱቁ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፉ የእርስዎን አነበብኩት፤ በራስዎ እጅ፣ ማርች 14 ቀን፣ ስብሰባችን ካበቃ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተሞላ ነው። መንገዱ እስከ 25 ሸርሊንን ይሸከማል ብለው ፈርመው ሲያበቁ፣ ሱቅ ገብተው ሞተር እንኳ የሌላት ባዶ መኪና በ21 ትሰምጣለች ብለው ጻፉ። እኔ ሞኙ በሁለቱም ወረቀት ላይ ያንኑ ያመንኩበትን ነበር የጻፍኩት። ቲኬቱ ላይ እውነቱን ሊጽፉ የቻሉት፣ መቼም የተስፈኝነት ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ይሆናል።