እህቴን የከለከልኳት ልኬት

ታኅሣሥ 3
ጠዋት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ፈተና ሳርም በሩ ተንኳኳ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።
«ዶክተሯ አሉ?»
«እኔ ነኝ፤ ይግቡ።»
«አይ... ትንሿን ነበር።»
ትንሿ። ታናሽ እህቴን ማለታቸው ነው። ቢሮዋ ከኔ ቀጥሎ። የከተማችንን ሐይቅ ውኃ፣ ሙቀቱንና ኦክስጅኑን፣ እኔ ስምንት ዓመት ለክቼዋለሁ፤ እሷ ገና አንድ ዓመቷ። ስለ ሐይቁ የጻፈችውን ስልካቸው ላይ አንብበው ሊጠይቋት ነው የመጡት።
«የኔንስ አላዩትም?» አልኩ። ምን አፌን አስከፈተኝ?
«ሞክሬ ነበር። ክፈል ይላል።» አንገታቸውን ደፉ። ያፈሩት ለኔ ነው መሰለኝ።

ታኅሣሥ 6
ምሳ እማዬ ቤት፣ ሦስታችን። ጡረታ ከወጣች ወዲህ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስልኳ ላይ የማታነበው የለም።
«የትንሿን ጽሑፍ ጨረስኩት። ግማሹ አልገባኝም፤ የልጄ ነው ብዬ ጨረስኩት። ያንቺስ የት ነው የሚነበበው?»
«ትልቅ ጆርናል ላይ።»
«እሺ ትልቅ ነው። የት ነው?»
ትንሿ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ... በጥርሴ ብቻ።
እሷ ጽሑፉንም ልኬቱንም የዩኒቨርሲቲው ክፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ታስቀምጣለች። የፈለገ በነፃ ይወስዳል። ድሮም የሚታየው የእሷ ነው። ልጅ ሆነን እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳነብ ትይዩ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ማንም ሳያስተምራት ማንበብ ቻለች፤ ያውም ፊደሉን ዘቅዝቃ! እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች። እኔ መጽሐፉን አቅንቼ ማንበቤን ግን ማን ልብ አለ?

ታኅሣሥ 14
ሐይቁ ዳር ዓሣ ሞቶ አደረ። ሽታው ክፍል ውስጥ ድረስ ገባ። መስኮት ዘግቼ አስተማርኩ።
የከተማው አስተዳደር ወዲያው ፈረደ፤ አስጋሪዎቹ መርዝ በትነው ነው አለ።
ከሰዓት ትንሿ በሬ ላይ ቆመች።
«እትዬ፣ መርዝ አይመስለኝም። ቅዝቃዜና ነፋስ ሲመጣ የሐይቁ የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ይገለበጣል። እዚያ ታች ኦክስጅን የለም። ዓሣው ታፍኖ ነው። ግን ያለኝ የአንድ ዓመት ልኬት ነው። ያንቺን ስጪኝ።»
«ጆርናሉ አይፈቅድም።»
«ጽሑፉ የእነሱ ነው። ልኬቱ እኮ ያንቺ ነው።»
እውነቷን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... «ላስብበት» አልኳት።

ታኅሣሥ 15
አልሰጠሁም። ጀልባ ላይ ወገቤ የተቆረጠው እኔ፣ የሚጨበጨብላት እሷ?

ታኅሣሥ 18
ስብሰባ፣ አስተዳደሩ አዳራሽ። ትንሿ አስረዳች። ጥሩ አድርጋ አስረዳች። የአስተዳደሩ ኃላፊ ግን፦
«የአንድ ዓመት ልኬት አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያሳይ ነገር አለ?»
ወደኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻል ነበር። የስምንት ዓመቱ ልኬት ያለበት ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው... ላልሰጥ ለምን ይዤው ሄድኩ? እውነቱን ልጻፍ፦ መልስ አጥታ ስትቀመጥ ደስ አለኝ። ለአፍታ።
ከዚያ ኃላፊው ጀልባዎቹ እንዲታሰሩ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ብድግ አሉ፦ «ልጆቼን ከዚያ ዓሣ ነው የማበላቸው። ልጆቼን ልመርዝ?»
ኃላፊው ወረቀቱን ሰበሰበ። እኔም ቦርሳዬን።

ታኅሣሥ 19
ከትንሿ ጋር ኮሪደር ላይ ተገናኘን። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። «ደከመኝ፣ እትዬ» ብላ አለፈች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ታኅሣሥ 21
የታሰሩትን ጀልባዎች አይቼ መጣሁ። በሰንሰለት። ከዚያ ቀጥታ ቤተ መጻሕፍት።
የክፍት ማከማቻው ሠራተኛ ፍላሹን ሰክቶ ጠየቀኝ፦ «ማን እንዲጠቀምበት ይፈቅዳሉ?»
«ምን ምን ምርጫ አለ?»
«ስምዎን ይጥቀስ እንጂ፣ ማንም።»
«ከአንድ ሰው በስተቀር የሚል የለም?»
ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ።
«ማንም» የሚለውን ተጫንኩ።

ታኅሣሥ 24
ሳልነግራት አግኝታዋለች። ወረቀት ታቅፋ እየሮጠች ገባች።
«እትዬ! ሁለት ጊዜ! ሁለት ጊዜ ውኃው እንዲሁ ተገልብጧል። ሁለቱንም ጊዜ ‹የሞተ ዓሣ አየሁ› ብለሽ ራስሽ ጽፈሻል!»
ስምንት ዓመት አቅፌው ስዞር አላየሁትም። እሷ በሦስት ቀን። ውስጤ እርር አለ።
ለአስተዳደሩ የሚገባውን ጽሑፍ አብረን እንፈርም አለችኝ። «ያንቺ ስም ይቅደም።»
ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደፈለግሁት!
«ያንቺ ይቅደም። ያየሽው አንቺ ነሽ።» ይህን እንዴት እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥር 9
ጀልባዎቹ ትናንት ተፈቱ። የዓሣው ምርመራም መጣ፤ መርዝ የለም።
ዛሬ ሊቀመንበሩ ራሳቸው እየቀዘፉ ሁለታችንን ለልኬት ወሰዱን። ሐይቁ መሐል ስንደርስ መቅዘፊያቸውን አሳረፉ።
«ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ልኬት በእጅዎ ነበር አሉ። ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?»
ትንሿ ቀደመችኝ፦ «ገና እያጣራችው ነበር።»
ዋሸችልኝ። ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።
«አይደለም» አልኩ። «በእህቴ ቀንቼ ነው።»
ድምፃቸውን ሳያነሱ፦ «እንግዲህ በእርስዎ ቅናት ጦም ያደርነው እኛ ነን።»
ይቅርታ አልኳቸው። መቅዘፋቸውን ቀጠሉ። መልስ ልለምንስ በምን አፌ?
ትንሿ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አውቅ ነበር» አለችኝ።
«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አላጋለጥሽኝም?»
«እጅሽን ታወጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»
እኔ የመለኪያውን ገመድ ለቀቅሁ፣ እሷ ቁጥሩን ጠራች። አንዱን ተሳሳተች፤ አረምኳት። ደስ አለኝ... አሁንም! ይሄ ነገር ከኔ ጋር አርጅቶ ሊቀበር ነው?
እራት ሳልበላ የዛሬውን ልኬት ማከማቻው ውስጥ አስገባሁት። ማንም ያየዋል። ስህተቷን ያረምኩት እኔ መሆኔን ከጎኑ ልጽፍ እጄን በላኝ።
አልጻፍኩም።